ከጎተራው አጠገብ የቆመችው መኪና

ባለፈው ታኅሣሥ፣ እነዋሪ አጠገብ ባለው የእናቴ ግቢ፣ አምስት ሳምንት ሳትነቃነቅ የቆየችውን ቪትዜን ለማስነሳት ቁልፍ አዞርኩ። ሞተሪኖው እንደወትሮው ጮኸ፣ ሞተሩም ተነሳ። ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ፍጥነት ግን አልረጋ አለ። መኪናዋ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች፤ ማሞቂያውን ስከፍተው ደግሞ የሽንትና የተለበለበ ጭድ ሽታ አንድ ላይ ፊቴን መታው። ብርዱ ነው አልኩ። በጅሩ የታኅሣሥ ማለዳ ብዙ ነገር በብርድ ይሳበባል፤ ውጭ ያደረ ባልዲ ውኃ ስስ በረዶ ይለብሳል፣ ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ያነጋል።

መኪናዋ እዚያ የቀረችው ወድጄ አልነበረም። ቤንዚን ጠፍቶ ነበር፤ መንገዱም ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ተዘጋ ይባላል። ወደ ሥራዬ ወደ ደብረ ብርሃን የተመለስኩት በሰው መኪና ተሳፍሬ ነው። እማዬ «አንተ ሂድ፣ እኔ እጠብቃታለሁ» አለችኝ፤ ጠበቀቻትም። ከሁሉ የተሻለውን ቦታ መረጠችላት፦ ከእህል ጎተራው አጠገብ፣ ከጭድ ክምሩ ፊት ለፊት፣ ከቆርቆሮው ጥግ ሥር። ውርጭ እንዳይመታት ብላ ደግሞ አሮጌ ጋቢ ኮፈኑ ላይ ጣለችባት። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ለአይጥ ከዚህ የተሻለ ቤት ሊሠራ አይችልም። እህሉ ከጎን፣ ጭዱ ከፊት፣ ጣሪያው ከላይ፣ ጋቢው ከበላይ።

ደብረ ብርሃን እንደገባሁ በቅርብ ወዳገኘሁት ጋራዥ ወሰድኳት። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ተቀየሩ፤ በማግስቱ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ተቀየረ። ብሬ ወጣ፣ መንቀጥቀጡ ግን እንዳለ ነው። መካኒኩ ልምድ ያለው ሰው ነበር፣ እጁም ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሽታውን ስነግረው ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። ሽታ ለመካኒክ ትልቅ ምልክት ነው። የተቃጠለ ዘይት፣ የተቃጠለ ፍሪሲዮን፣ የፈሰሰ ቤንዚን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሽታ አላቸው። የአይጥ ሽንትም እንዲሁ፤ አንዴ ያሸተተው አይረሳውም።

በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ወደ አንድ ሸምገል ያሉ የመኪና ኤሌክትሪሺያን መራኝ። ኮፈኑን ከፍተው መሣሪያ አላነሱም። ጎንበስ ብለው ትንሽ አሸተቱና «ገጠር ነው ያሳደርካት?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ። እናቴ ጋ።»

«እህል ጋ?»

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም። በእጅ ባትሪያቸው ከመኪናው ባትሪ ሥር አበሩ፤ ጥቁር አዝሙድ የመሰለ ነገር ተበትኗል። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ክሊፖች አላቀው ክዳኑን አነሱት። ውስጡ የሚታየው ፊልትሮ አልነበረም፤ ጎጆ ነበር። ጭድ፣ የስንዴ ገለባ፣ ከኮፈኑ ሥር የተቦጨቀ ስፖንጅ፣ ከእማዬ ጋቢ የተመዘዘ ነጭ ክር፣ ሁሉም በጥንቃቄ ተጠቅልሎ እንደ ጥጥ ለስልሷል። መካከሉ ላይ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ጸጉር ያላበቀሉ አምስት ልጆች አሉ። ሞተዋል። እናታቸው ሞተሩ ሲነሳ አምልጣ ይሆናል፤ እነሱን ግን እኔው ራሴ እስከ ደብረ ብርሃን ይዣቸው መጥቻለሁ።

ያን ቀን የተሰማኝን ለመናገር አላፍርም። ብዙ ብር አውጥቼ ነበር፣ ተናድጄም ነበር፤ ግን ያንን ጎጆ በእጄ ሳነሳ ንዴቱ ለጥቂት ጊዜ ጠፋ። ጋቢው የእናቴ ነው። እሷ መኪናዬን ለማሞቅ የጣለችውን፣ ሌላ እናት ልጆቿን ለማሞቅ ክር በክር መዝዛዋለች።

ጋሼ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ከሞተሩ ጀርባ የሚወርደውን የሽቦ እሽግ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየዳበሱ ሄዱ። ቤንዚን ወደሚረጨው ወደ አንዱ ኢንጀክተር የሚሄደው ሽቦ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ራቁቱን ቀርቷል፣ አንዱ ክርም ተበጥሷል። የጭስ ማውጫው ሴንሰር ሽቦ ደግሞ እስከ ግማሹ ተበልቷል። መኪናዋ የምትንቀጠቀጠው ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ ቤንዚን በሥርዓቱ ስለማይደርሰው ነበር፤ አየሩም በጎጆው ውስጥ እየተጣራ ነው የሚገባው። ሽቦውን ቆርጠው፣ አዲስ ቀጥለው፣ በብየዳ አጣብቀው፣ በናስትሮ ሳይሆን በሙቀት በሚጣበቅ ሽፋን ሸፈኑት። «የተላጠ ሽቦ ከሽቦ ጋር ከተነካካ ቫልቮላ ያቃጥላል፤ በዚያ ካበቃ ዕድለኛ ነህ። ጭዱ የጋለ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው ላይ ቢወድቅ ኖሮ ግን መኪናህን መንገድ ላይ ትተህ ነበር በእግርህ የምትመጣው» አሉኝ። የተለበለበው ጭድ ሽታ ትዝ አለኝ።

አይጥ ሽቦ የምትበላው ርቧት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጋቸውን አያቆሙም፤ የትልቋ አይጥ ጥርስ ባያልቅ ኖሮ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። ጠንካራው የጥርስ ልባስ በፊት በኩል ብቻ ስላለ፣ የኋላው ቶሎ እያለቀ የፊተኛው እንደ መሮ ይሳላል። ስለዚህ መቆርጠም ለእሷ ጥርሷን መሞረድ ነው። ሽቦ ደግሞ ለመሞረጃ የተሠራ ይመስላል፤ ውፍረቱ ለአፏ የሚመች፣ ልባሱ ለስላሳ፣ ውስጡ ጠንካራ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመኪና ባለቤቶች «የሽቦው ልባስ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ነው አይጥ የሚጠራው» ብለው አምራቾችን ከሰው ያውቃሉ። እኔ ግን ጉዳዩ ሽቦው ላይ ነው ብዬ አላምንም። በእማዬ ጎተራ የእንጨት ደፍ ላይም፣ በላስቲክ ጀሪካን ክዳን ላይም ያው የጥርስ ምልክት አለ። አኩሪ አተር በሌለበት ሁሉ አይጥ ትቆረጥማለች።

የምትመጣው ለሙቀትና ለመደበቂያ ነው። መኪና ከሥሩ ክፍት ነው፤ በጎማው ወጥታ ሞተሩ ላይ ለመድረስ ብዙ አትደክምም። ትንሿ የቤት አይጥ የእስክሪብቶ ውፍረት ባላት ቀዳዳ ታልፋለች፤ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ይከተላል። ሰው ነድቶ ያቆመው ሞተር ሙቀቱን ለሰዓታት ይይዛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ደግሞ ማሳው ይታጨዳል። ስንዴው ከእርሻ ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ጎተራ ሲሄድ፣ ማሳ ላይ የነበረችው አይጥም እህሉን ተከትላ ወደ ሰው ቤት ትገባለች። ውርጩና አጨዳው አንድ ወር ላይ የሚገጥሙበት አገር ነው ያለነው። የእኔ መኪና የቆመችውም ልክ በዚያ ወር ነው። አይጥ የምታረግዘው ለሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ አምስት ሳምንት ማለት ገብታ፣ ጎጆ ሠርታ፣ ለመውለድ ይበቃታል።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ ጉዳት ነው። የሚከተለው ግን ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ለጥምቀት ወደ እማዬ ስመለስ መኪናዋን እዚያው ቦታ አቆምኳት። ለምን? ቦታውን ስለለመድኩት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በሁለተኛው ቀን ኮፈኑን ስከፍት ባትሪው ላይ ሁለት የስንዴ ዘለላ ተቀምጧል። ደሜ ፈላ። ከደብረ ብርሃን ገበያ በድምፅ ማጉያ «የአይጥ! የበረሮ! የትኋን መድኃኒት!» እያለ ከሚዞር ሰው የገዛሁት ፓኬት ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነበር። መድኃኒት እንላለን፤ ቃሉን አንዴም ቆም ብዬ አስቤበት አላውቅም ነበር። ለማንም ሳልነግር ከሞተሩ ሥር፣ ከጎተራው ጀርባና ከጭዱ ግርጌ ጥቂት ጥቂት አስቀመጥኩ፤ በማግስቱ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከአራት ቀን በኋላ ታናሽ ወንድሜ ደውሎ ውሮ መሞቷን ነገረኝ። ውሮ የእማዬ ድመት ናት። ስድስት ዓመት ያንን ጎተራ የጠበቀች፣ ክረምት ክረምት ምድጃው ዳር የምትተኛ፣ እማዬ ወተት ስትንጥ ከጎኗ የማትጠፋ። ከጎተራው ጀርባ ተጋድማ ነው ያገኟት።

የአይጥ መርዝ ዓይነቱ ብዙ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት አይጧን ወዲያው አይገድላትም፤ ለቀናት እየፈዘዘች፣ እየተንፏቀቀች፣ በጠራራ ፀሐይ እየወጣች ትቆያለች። ለድመት፣ ለጉጉት፣ ለጭልፊት ከዚህ የሚቀል አደን የለም። መርዙ በአይጧ ሆድ ውስጥ ሆኖ ወደሚበላት እንስሳ ይሻገራል። ይህን ያወቅኩት ካደረግኩት በኋላ ነው፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቤ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመኪናው በኩል ያገኘሁት ነገር ደግሞ ይኸው ነው፦ አንዷ አይጥ የማሞቂያው አየር መተላለፊያ ውስጥ ገብታ ሞተች፤ ያን ለማውጣት ዳሽቦርዱ መፈታት ነበረበት። አይጦቹ ግን አላለቁም። ድመት የሌለበት ጎተራ ስላገኙ የካቲት ላይ ጭራሽ በዙ።

አገራችን ስለዚህ ነገር የምታውቀው ቀላል አይደለም። መንዝ ላይ ጓሳ አለ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሣራማ ደጋ። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቆት ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለጣሪያ ክዳን ይታጨዳል፣ እንደገና ይዘጋል። በ1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሰዉ ጨርሶ አልተወውም፤ ዛሬም ማኅበረሰቡ ራሱ የሚጠብቀው ቦታ ነው። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ብዙም የማይዘል እንስሳ። ምግቡ በአብዛኛው አይጥ ነው። ጠዋት ጓሳ ላይ የቆመ ሰው ቀበሮው ጆሮውን አቁሞ፣ እግሩን አንድ በአንድ እያነሳ፣ በሣሩ መካከል ሲያደባ ያያል። በዚያ ደጋ ላይ አይጥ እንደ ልቧ አለች፤ የሚበላትም እንዲሁ አለ። የእኛ ግቢ አንድ የሚበላት ብቻ ነበረው፤ እሱንም እኔ ገደልኩት።

ጉጉትም አለች። ልጆች ሳለን ጉጉት ባሕር ዛፉ ላይ ከጮኸች «ሰው ልትወስድ ነው» ተብለን በድንጋይ እናባርራት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የምትሠራልንን ነው የምናባርረው። ለታናሽ ወንድሜ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ሲወረውር አላየሁትም።

መርዙን ከተውኩ በኋላ የሠራልኝ ነገር ብዙ ወጪ የለውም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ መኪናዋን ከጎተራው አርቀን ገላጣው መሐል አወጣናት። ውርጭ ይመታታል? ይምታት፤ መኪና ውርጭን ትችላለች፣ ጥርስን ግን አትችልም። ጭዱን ወደ ታችኛው አጥር ወሰድነው። ጎተራው አባቴ በነበረበት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተነሥቶ ነበር የሚቀመጠው፤ ድንጋዮቹ መስጠማቸውን እንኳ አላስተዋልንም ነበርና መልሰን አነሣነው። መኪናዋ እዚያ ስትቆይ ማታ ማታ ወንድሜ ኮፈኑን ገልጦ በእንጨት ደግፎ ያሳድረዋል፤ ጨለማና ሙቀት ከሌለ አይጥ እዚያ የምትቀመጥበት ጉዳይ የላትም። በየሦስት ቀኑ ደግሞ ሞተሩን ያስነሳል፣ ግን ኮፈኑን አንኳኩቶ፣ አይቶ ነው። የአየር ማስገቢያው አፍ ላይ ስስ የሽቦ ወንፊት አሠርቻለሁ፤ ቀዳዳው ለአይጥ ይጠባል፣ ለአየር ግን አይከለክልም። ሁለት ወጥመድ ጎተራው ሥር አለ፤ ለውዝ ቀብተን እናጠምዳለን፣ በየጠዋቱ እናያለን።

ሚጥሚጣም ሞክሬያለሁ፤ ይህን የመከረኝ ሰው ብዙ ነው። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ የሚጥሚጣ ማቃጠል አብዛኛውን አጥቢ እንስሳ ያሸሻል፣ ጃፓኖችም ይህንኑ ቅመም የቀቡት የሽቦ መጠቅለያ ቴፕ ይሠራሉ። በዘይት ለውሼ ሽቦው ላይ ስቀባው ግን ሞተሩ ሲግል ጭሱ ገብቶ መንዳት እስኪያቅተኝ አሳለኝ፤ በሳምንቱ አቧራ ለብሶ ኃይሉ አለቀ። ቴፑን የሚያመጣልኝ ሰው ካገኘሁ እጠቀልለዋለሁ። ሚጥሚጣውን ግን አልመክርም።

ጎጆ ያገኘ ሰው በመጥረጊያ አይጥረገው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ደረቁ ሽንትና ኩስ ሲበን ወደ ሳንባ ይገባል፣ በሽታም ያመጣል። የባትሪውን ገመድ ፈትቶ፣ ጓንት አድርጎ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኖ፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ማራስና ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት። የሽቦው መጋጠሚያ ላይ ግን በረኪናው እንዳይደርስ፣ ብረት ይበላል።

ለፋሲካ ወደ ቤት ስሄድ እማዬ ከጎረቤታችን ከእትዬ ጋር ቡና መጠራራት ማቆሟን አወቅኩ። ከጥር ጀምሮ። ከዓመት በፊት ውሮ የእትዬን ጫጩት በልታ ነበርና፣ «እሷ ናት መርዝ ያበላቻት» ብላ በልቧ ይዛለች። አንድም ቀን በአፏ አላወጣችውም፤ ቡናውን ብቻ ተወችው። ሠላሳ ዓመት አብረው የጠጡትን ቡና። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እየሰማሁ ያደግኩት ነኝ፤ ዳዋው የሰው ፊት ያለው መሆኑን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ማታ ምድጃው ዳር ነገርኳት። ፓኬቱን የት እንደገዛሁ፣ የት የት እንዳስቀመጥኩ፣ ለምን እንዳልነገርኳት። እሳቱን እያየች ሰማችኝ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ብዙ ቆይታ ቀና አለችና «የተረፈውስ? ዶሮዎቹ አሉኮ» አለችኝ።

ተነሥቼ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ግማሽ ፓኬቱ እስከዚያች ሰዓት ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከጥር ጀምሮ አብሮኝ ሲዞር ኖሯል። ይዤው ስመለስ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ደርሳለች። «ልጄ፣ እኔ እስክመለስ ከእጅህ እንዳታኖረው» አለችኝና በጨለማው ወደ እትዬ ቤት ወጣች።